ትንሿ አይጥና ትልቁ መሣሪያ

ሰው በተፈጥሮው ትልቅ ነገር ሲያይ ይደነቃል፤ ትንሹን ነገር ግን ይንቃል። አውሮፕላን ሲያልፍ ቀና ብሎ የማያይ ጥቂት ነው፤ በጓዳ የምትሮጠውን አይጥ ግን ከድመት በቀር ማን ከቁም ነገር ይቈጥራታል? ይሁን እንጂ በዛሬው ዘመን የፊዚክስና የሕክምና ሊቃውንት ከሚደክሙባቸው ሥራዎች አንዱ፣ የዚችኑ የአይጥ ልብ፣ ኩላሊትና አንጎል፣ እርስዋን ሳይገድሉና ሆድዋን ሳይቀድዱ ከውጭ ሆኖ ለማየት የሚችል መሣሪያ ማበጀት ነው። እኛም በዚህ እሑድ ስለዚህ ነገር ለመናገር የተነሣነው መሣሪያው ድንቅ ስለ ሆነ ብቻ አይደለም። በአሠራሩ ውስጥ ለተማሪውም፣ ነገ በዕቃ መግዣ ወረቀት ላይ ለሚፈርመው ወጣት ሹምም የሚሆን ትምህርት ስላገኘንበት ነው።

አስቀድሞ «ስለ ምን አይጥ?» የሚል ጥያቄ ይነሣል። አንድ አዲስ መድኃኒት ወደ ሰው ከመድረሱ በፊት እንደ ልማዱ በእንስሳ ላይ ይፈተናል። አይጥ ደግሞ ክብደቷ ከ20 እስከ 30 ግራም፣ እርግዝናዋ ሦስት ሳምንት፣ ዕድሜዋም ሁለት ዓመት ያህል ስለ ሆነ፣ በሰው ላይ ብዙ ዘመን የሚፈጀው የበሽታ ታሪክ በእርስዋ ላይ በጥቂት ወራት ይታያል። ችግሩ የቀድሞው ምርመራ ሬሳ የሚጠይቅ መሆኑ ነው። ለምሳሌ አንድ መርማሪ መድኃኒቱ በሰውነት ውስጥ ወዴት እንደሚሄድ በስድስት ልዩ ልዩ ሰዓት ለማወቅ ፈልጎ ለያንዳንዱ ሰዓት አምስት አምስት አይጥ ቢመድብ፣ ሠላሳ አይጥ ገድሎ የያንዳንዷን ጉበትና ኩላሊት እያወጣ መመርመር አለበት። ዛሬ የገደላት አይጥ ነገ ምን ትሆን እንደ ነበረ ግን ማንም ሊነግረው አይችልም። ከውጭ የሚያይ መሣሪያ ሲገኝ እነዚያው አምስት አይጦች ስድስት ጊዜ ይታያሉ፤ እያንዳንዷም ከራስዋ ጋር ትነጻጸራለች።

ዊልያም ረስልና ሬክስ በርች የተባሉ ሁለት እንግሊዛውያን በ1959 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ በእንስሳ የሚመራመር ሰው ሦስት ነገር ማሰብ እንደሚገባው አመልክተዋል፤ ይኸውም በሚቻልበት ሁሉ እንስሳውን በሌላ ዘዴ መተካት፣ ቍጥሩን መቀነስ፣ ሥቃዩንም ማቃለል ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) እንግዲህ ስለዚህ መሣሪያ ስንናገር የዕውቀት ብቻ ሳይሆን የርኅራኄም መሣሪያ ነው ብንል አልተሳሳትንም።

አሁን አሠራሩን በአጭሩ እንግለጽ። በአይጧ ጅራት የደም ሥር ጥቂት ጨረር አመንጪ ቅመም ይሰጣታል። ቅመሙ ከሚፈለገው የአካል ክፍል ጋር እንዲስማማ ሆኖ ስለሚዘጋጅ፣ ወደ ልብ ወይም ወደ አጥንት ወይም ወደ ዕጢ ሄዶ ይቀመጣል፤ ከዚያም ሆኖ ጋማ የሚባለውን ጨረር ወደ ውጭ ይልካል። በሆስፒታሎች ይበልጥ የታወቀው ቅመም ቴክኒሺየም 99ኤም ነው፤ ኀይሉ በየ6 ሰዓቱ በግማሽ ስለሚቀንስ ሥራውን ፈጽሞ ቶሎ ይጠፋል።

ነገር ግን ጋማ ጨረር እንደ ፀሐይ ብርሃን በመስተዋት አይሰበሰብም። የፎቶግራፍ አንሺው ካሜራ ብርሃኑን በመስተዋቱ አጥፎ ምስል ያወጣል፤ ጋማ ጨረር ግን መስተዋቱን ሰንጥቆ ያልፋል። ስለዚህ የሚቀረው ዘዴ ማገድ ነው። እርሳስን ወይም ተንግስተንን ወይም ወርቅን የመሰለ ከባድ ብረት አቁሞ በመካከሉ ጠባብ ቀዳዳ መብሳት ያስፈልጋል። በጨለማ ቤት ተቀምጦ፣ በመዝጊያው ሽንቁር የገባ ብርሃን በውጭ የሚያልፈውን ሰው በግድግዳው ላይ ዘቅዝቆ ሲሥለው ያየ ሁሉ ይህን በቀላሉ ይረዳዋል።

በቀዳዳው ያለፈውን ጨረር የሚቀበለው ክሪስታል ነው። አሜሪካዊው ሮበርት ሆፍስታተር ጥቂት ታሊየም የተጨመረበት ሶዲየም አዮዳይድ ጨረር ሲመታው ብልጭ እንደሚል በ1948 አሳዩ። ይህ ክሪስታል የገበታ ጨው ዘመድ ነው፤ ጨው በክረምት እንደሚረጥብ እርሱም የአየሩን እርጥበት ስለሚስብ፣ በብረት ታሽጎ ይኖራል። አንድ የቴክኒሺየም ጨረር ሲመታው አምስት ሺህ ያህል የብርሃን ቅንጣት ይወጣል። በበርክሊ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ይሠሩ የነበሩት ሃል አንገር በ1958 ባሳወቁት ካሜራ፣ ከክሪስታሉ በስተኋላ ብርሃንን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጡ ሰባት ቱቦዎች ደረደሩ። ለብልጭታው የቀረበው ቱቦ ብዙ፣ የራቀው ጥቂት ብርሃን ያገኛል፤ መሣሪያውም ድርሻቸውን አመዛዝኖ ጨረሩ የት ላይ እንደ ወደቀ ይናገራል። ይህም በጨለማ ኮሽታ የሰሙ ሰባት ዘበኞች «በኔ በኩል ጐላ፣ በኔ በኩል ደከመ» ተባብለው ሌባው ያለበትን ቦታ እንደሚያገኙ ማለት ነው።

ይህ ካሜራ ለሰው እጅግ ጠቅሟል፤ እስከ ዛሬም ይሠራል። ለአይጥ ሲሆን ግን ነገሩ ይለወጣል። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው 25 ግራም የምትመዝነውን አይጥ በክብደት 2,800 ጊዜ ይበልጣታል፤ ይህ በርዝመት ሲመነዘር 14 ጊዜ ያህል ነው። በሰው ልብ ላይ 1 ሳንቲ ሜትር የምታህለውን ነገር ለይቶ የሚያሳይ ካሜራ ሐኪሙን ይረዳዋል። የአይጥ ልብ ግን ራስዋ የሽምብራ ፍሬ የምታህል፣ ግድግዳዋም 1 ሚሊሜትር ያህል ስለ ሆነ፣ በዚያው ካሜራ ብትታይ አንዲት የደበዘዘች ነጥብ ትሆናለች። ደግሞም በደቂቃ ከ500 እስከ 600 ጊዜ ትመታለች። የአይጧ ደም ሁሉ ቢሰበሰብ 2 ሚሊ ሊትር ያህል፣ ማለት የሻይ ማንኪያ ግማሽ እንኳ የማይሞላ ነው። ስለዚህ «ጨረር ካነሰን ቅመሙን እንጨምር» ማለት አይቻልም፤ ብዙ ቢፈስባት ደሟን ያቀጥነዋል፤ ጨረሩም ሲበዛ ሊመረመር የታሰበውን አካል ራሱን ይጐዳል። አንድ በጎ ነገር ብቻ አለ፤ ሰውነቷ ስስ ስለ ሆነ ጨረሩ ብዙ ሳይታገድ ይወጣል።

እዚህ ላይ ጥቂት ሒሳብ እንሥራ፤ ተማሪው ወረቀትና እርሳስ ያንሣ። አይጧን ከቀዳዳው በ3 ሳንቲ ሜትር፣ ክሪስታሉን ከቀዳዳው ወዲያ በ18 ሳንቲ ሜትር ብናኖር፣ ምስሉ ስድስት እጥፍ ይጐላል። ተራው የሆስፒታል ካሜራ የጨረሩን መውደቂያ በ3 ሚሊሜትር ተኩል ያህል ብዥታ የሚለይ ቢሆን፣ ይህ ብዥታ ለስድስት ተካፍሎ በአይጧ አካል ላይ 0.6 ሚሊሜትር ያህል ብቻ ይሆናል። እንግዲህ ደካማው ካሜራ በአቀማመጥ ብልሃት ብቻ ብርቱ ሆነ ማለት ነው።

ይሁን እንጂ ቀዳዳውም ከስፋቱ ጥቂት የሚበልጥ የራሱ ብዥታ አለው። የቀዳዳው ስፋት 1 ሚሊሜትር ቢሆን ሁለቱ ብዥታዎች ተጣምረው 1.3 ሚሊሜትር ያህል ይሆናሉ። (ብዥታ እንደ ገንዘብ አይደመርም፤ ካሬው ከካሬው ተደምሮ ሥሩ ይወሰዳል።) ከአይጧ ከሚወጣው 1,000,000 ጨረር ውስጥ በዚህ ቀዳዳ የሚያልፈው ግን 70 ያህል ብቻ ነው። «ይህ ጥራት አይበቃንም፤ ቀዳዳውን በግማሽ እናጥብበው» ብንል፣ ብዥታው ወደ 0.8 ሚሊሜትር ይወርድልናል፤ የሚያልፈው ጨረር ግን ሩብ ብቻ ይቀርና 17 ያህል ይሆናል። በ20 ደቂቃ ይሰበሰብ የነበረው አሁን 80 ደቂቃ ይጠይቃል። ጨረር ሲያንስ ደግሞ ምስሉ አይታመንም፤ 100 የቈጠረ መሣሪያ ከመቶ አሥር ያህል ይወዛወዛል፤ 10,000 የቈጠረ ግን ከመቶ አንድ ብቻ።

እንግዲህ የዚህ ሥራ ፈተና ጥራትና ብዛት ናቸው። ቀዳዳው ሲጠብ ጥራት ይገኛል፣ ብዛት ይጠፋል፤ ሲሰፋ ብዛት ይገኛል፣ ጥራት ይጠፋል። አባቶቻችን «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም» ያሉት ለዚህም ይሆናል።

በተማሪነታችን ዘመን አንድ ወዳጃችን ለመመረቂያው የዚህ ዓይነት መሣሪያ ንድፍ አውጥቶ ነበር። ንድፉ ያምራል፤ ቀለሙም ያምራል። ጥራቱ ከግማሽ ሚሊሜትር በታች፣ ብዛቱም ከሁሉ የላቀ እንደሚሆን በጉልህ ተጽፎበታል። መምህሩ ወረቀቱን እስከ መጨረሻው ካገላበጡ በኋላ፣
«ልጄ፣ በዚህ መሣሪያ የምታየው ምንድን ነው?» ብለው ጠየቁት።
«አይጥ ነዋ፣ መምህር።»
«ከአይጧ ምኗን?»
ወዳጃችን ዝም አለ። ከኋላ የተቀመጥነውም ዝም አልን፤ ተራችን ሲደርስ ይኸው ጥያቄ እንደሚጠብቀን፣ መልስም እንደሌለን ዐውቀን ነበርና።

ያች ጥያቄ እስከ ዛሬ ከጆሯችን አልወጣችም። «ዕጢ አለ ወይስ የለም?» ለሚል ሰው ብዛት ይበልጥበታል፤ ጥቂት ብዥታ አይጐዳውም። «የልቧ ግድግዳ የትኛው ክፍል ሞቷል?» ለሚል ጥራት ያስፈልገዋል፤ ጊዜ ቢወስድም ይታገሣል። «መድኃኒቱ በኩላሊቷ በስንት ሰከንድ ያልፋል?» ለሚል ደግሞ ፍጥነት ከሁለቱም ይቀድማል። ሦስቱም ጠያቂዎች አንድ ዓይነት አይጥ ይዘዋል፤ የሚያስፈልጋቸው መሣሪያ ግን ሦስት ዓይነት ነው። በአሪዞና ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ የነበሩት ሃሪሰን ባሬት ከካይል ማየርስ ጋር በጻፉት ትልቅ መጽሐፍ የሚያስተምሩት ይህንኑ ነው፤ የምስል ጥሩነት የሚለካው ለዐይን በማማሩ ሳይሆን ለታሰበለት ሥራ በመጥቀሙ ነው።

በዚሁ መንገድ የሄዱ ሰዎች ምን እንደ ሠሩ እንመልከት። በአሪዞና ጥያቄው የፍጥነት ነበር። ስለዚህ ፋስትስፔክት ሁለት በተባለው መሣሪያ 16 ትንንሽ ካሜራዎችን በእንስሳዋ ዙሪያ አቆሙ። ካሜራዎቹ አይዞሩም፤ ሁሉም ባንድ ጊዜ ከየአቅጣጫቸው ያያሉ፤ ቅመሙም በሰውነቷ ውስጥ ሲጓዝ ይከታተሉታል።

በኔዘርላንድ በዩትሬክት እነ ፍሬክ ቢክማን የጠየቁት የጥራት ጥያቄ ነበር። በ2005 ባሳወቁት መሣሪያ፣ ጠርዙ ጨረር እንዳያሾልክ ከወርቅ የተሠሩ 75 ጥቃቅን ቀዳዳዎችን በአይጧ ዙሪያ አድርገው ሁሉንም ወደ አንዲት ትንሽ ስፍራ አነጣጠሩ። እያንዳንዱ ቀዳዳ ጠባብ ስለ ሆነ ጥራት ሰጠ፤ ቀዳዳዎቹ ብዙ ስለ ሆኑ የጠፋውን ብዛት መለሱ። ዋጋውን ግን ከፍለዋል፤ መሣሪያው ባንድ ጊዜ የሚያየው ትንሽ ስፍራ ብቻ ስለ ሆነ፣ ሰፊ አካል ለማየት የአይጧን አልጋ ጥቂት በጥቂት ማንቀሳቀስ ያስፈልጋል። ይበልጥ ያስደነቀን ደግሞ ከኋላ ያቆሟቸው ጨረር ተቀባዮች ለሰው የተሠራ ባለ ሦስት ራስ የሆስፒታል ካሜራ መሆናቸው ነው። አዲሱ ነገር ክሪስታሉ ሳይሆን ሐሳቡ ነበር።

በሎስ አንጀለስም ሳይመን ቼሪና ባልደረቦቻቸው በ1997 ማይክሮፔት የተባለውን መሣሪያ አሳወቁ። እርሱ የሚሠራበት ቅመም ሁለት ጨረሮችን በተቃራኒ አቅጣጫ ባንድ ጊዜ ስለሚልክ ቀዳዳ አያሻውም፤ ሁለቱን ጨረሮች ከወዲህና ከወዲያ የያዙ ክሪስታሎች መሥመሩን ይናገራሉ። ስለዚህ ክሪስታሎቹን 2 ሚሊሜትር እያደረጉ አሳነሷቸው። እዚህም ግን ተፈጥሮ ወሰን አብጅታለች፤ ከቅመሙ የወጣው ፖዚትሮን ወደ ጨረር ከመለወጡ በፊት ጥቂት ስለሚጓዝ፣ የሚታየው ቅመሙ ያለበት ቦታ ሳይሆን ፖዚትሮኑ የቆመበት ቦታ ነው። ይህን ወሰን ምንም ያህል ገንዘብ ቢፈስስ አይሽረውም።

«ዛሬ ኮምፒዩተር አለ፤ የጐደለውን ይሞላዋል» የሚል አንባቢ ሊኖር ይችላል። ኮምፒዩተር ትልቅ ረዳት መሆኑን አንክድም፤ ከብዙ አቅጣጫ የተሰበሰበውን አዋህዶ የአካሉን ሥዕል የሚያወጣው እርሱ ነው። ያልመጣውን ጨረር ግን ሊቈጥር አይችልም። ከጥቂት ጨረር የተወለደን ምስል ማለስለስ ይቻላል፤ የለሰለሰ ሁሉ ግን እውነት አይደለም።

ሌላም የሚረሳ ነገር አለ። አይጥ እንዳትንቀሳቀስ ማደንዘዣ ሲሰጣት ሰውነቷ ቶሎ ይቀዘቅዛል። የቀዘቀዘች አይጥ ሙቀት ለማግኘት ትከሻዋ አካባቢ ያለውን ቡናማ ስብ ታነዳለች፤ ጨረር ያለበት ስኳር ተሰጥቷት እንደ ሆነም ስኳሩ ወደዚያ ስብ ይሮጣል። መሣሪያው ያየውን በትክክል ያሳያል፤ ያልነቃ መርማሪ ግን የብርዱን ምልክት የበሽታ ምልክት ነው ብሎ ይጽፋል። እንግዲህ የሞቀ አልጋ ከክሪስታሉ ያላነሰ የመሣሪያው ክፍል ነው። ንድፍ አውጪው ስለ ጨረሩ ብቻ አስቦ ስለ እንስሳዋ ካላሰበ ሥራው ግማሽ ነው።

«ለመሆኑ አይጥ ሰው ናትን?» ብለው የሚከራከሩም አሉ። አይደለችም። አይጥን የፈወሰ መድኃኒት ሁሉ ሰውን አልፈወሰም። ነገር ግን ይህ አጥርተን እንድናይ የሚያስገድደን እንጂ ምርመራውን የሚያስተወን አይደለም። በተሳሳተ ምስል የተነሣ የማይጠቅም መድኃኒት ወደ ሰው ቢደርስ፣ የሞቱትም አይጦች በከንቱ ሞቱ፣ በሽተኛውም ተስፋ አጣ። ቀዳዳው ላይ የተሠራች ትንሽ ስሕተት እስከ በሽተኛው አልጋ ድረስ ትሄዳለች።

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። አገራችን ገና በ1957 የዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ድርጅት አባል ሆናለች። ጋማ ካሜራም ለሕክምናችን እንግዳ አይደለም። በዩኒቨርሲቲዎቻችን የባህል መድኃኒት ዕፅዋት በአይጥ ላይ እንደሚፈተኑ የታወቀ ነው። እነዚህን ሁለቱን ማገናኘት ያስፈልጋል ብሎ ያሰበ ወጣት፣ የመጀመሪያ ሐሳቡ እጅግ ውድ መሣሪያ ከውጭ ማስመጣት መሆን የለበትም። ከላይ የሠራነው ሒሳብ የሚያሳየን፣ ለሰው የተሠራ ካሜራ፣ ከባድ ብረት፣ አንድ ጠባብ ቀዳዳና የሞቀ አልጋ ካሉ የአይጥን ልብ ማየት መጀመር እንደሚቻል ነው። እርግጥ ነው፣ በሽተኛ የሚተኛበት ክፍል የእንስሳ ማደሪያ አይሆንም፤ የንጽሕናና የጨረር ጥበቃ ደንብ መከበር አለበት። ይህ ግን የገንዘብ ሳይሆን የሥርዓት ነገር ነው።

ስለዚህ ለወጣት ሹማምንት ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን አንድ ምክር ብናቀርብ በትዕቢት አይቈጠርብን። የመሣሪያ መግዣ ማመልከቻ ከጠረጴዛችሁ ላይ ሲደርስ፣ ከዋጋው በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ፤ ሊታይ የተፈለገው ምንድን ነው? ስለ እርሱ ሲባል የሚተወው ምንድን ነው? የሚያየውስ ሰው ተዘጋጅቷል? ለሁለተኛው ጥያቄ «ምንም የሚተው የለም፤ ይህ መሣሪያ ሁሉን ያደርጋል» የሚል መልስ ከመጣ፣ መላሹ ወይ አላወቀም፣ ወይ ሻጭ ነው። ለተማሪውም ቢሆን «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ማለት፣ ቀለም ከመቀባት ጥያቄ ይቅደም ማለት ነው።

ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 አድዋ ላይ ስለ ቢልሃርዝያ ሲመረምሩ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች በወንዙ ውስጥ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ያን ወንዝ ከርሳቸው በፊት ስንት ሰው ተሻግሮታል! በሽታውን የሚያስተላልፈው ቀንድ አውጣ በምን ይጠፋል የሚል ጥያቄ በልቡ ይዞ የመጣ ግን አላየውም ነበር ማለት አይቻልም፤ እርሳቸው ያን ጥያቄ ይዘው ስለ መጡ አዩት። የአይጧም ነገር እንደዚሁ ነው። ክሪስታሉ ይብለጨለጭ፣ ቱቦው ይቍጠር፣ ኮምፒዩተሩም ይሣል፤ ነገር ግን ልብ ካላየ ዐይን አያይም። ጥያቄውን አስቀድሞ በልቡ የጻፈ ወጣት ትንሿን አይጥ አይንቅም፤ ትልቁም መሣሪያ አያስደነግጠውም ለማለት እንወዳለን።